የ1,300 ዕቃ ፕሮፎርማ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የተሠራ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፍተሻ

በሶኬት የሚሠሩ ዕቃዎችን አንድ በአንድ ፈትሾ ስቲከር መለጠፍ እኛ ዘንድ ገና አልተለመደም። በሰፊው የሚሠሩበት እንግሊዞች ናቸው፤ በአጭሩ «ፓት» ይሉታል። ኮምፒውተር፣ የውሃ ማፍያ፣ ምድጃ፣ ዲቫይደር፣ ስፒና ያለው ነገር ሁሉ በዓይን ይታያል፣ በመሣሪያ ይለካል፣ ይመዘገባል። ዕቃው አምስት ስድስት ከሆነ ዋጋ ማውጣት ቀላል ነው። ከሺህ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይቀየራል። አንድ የተሳሳተ ግምት ሺህ ጊዜ ይባዛል። ለዚህ ነው ይህን ጉዳይ በዝርዝር ልጽፈው የወደድኩት። በጎጃም ከተሞች ይህን ሥራ ሊጀምሩ የሚያስቡ ወጣቶች እየበዙ ነው፤ ከስረው እንዲተዉት አልፈልግም።

መነሻው

ደንበኛው የግል ማሠልጠኛ ተቋም ነው። ዋና ግቢው ደብረ ማርቆስ ሲሆን ደጀንና ቢቸና ላይ ቅርንጫፍ አለው። ለተቋሙ የላብራቶሪ ዕቃ የሚረዳ አንድ የውጭ ድርጅት ጥያቄ አቀረበ። በሶኬት የሚሠራ ዕቃ ሁሉ በእንግሊዞቹ አሠራር ይፈተሽ፣ ቁጥር ይሰጠው፣ ሪፖርቱ ይላክልን አለ። ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ዲቫይደር ቀልጦ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ሁሉም ግን ደንግጧል። ስለዚህ ኃላፊዎቹ ጥያቄውን ሳያንገራግሩ ተቀበሉት።

ሥራውን ለመያዝ የተነሡት አራት ወጣት ኤሌክትሪሺያኖች ናቸው። ሁለት መፈተሻ መሣሪያ አላቸው። የንብረት ክፍሉ ዝርዝር ሰጣቸው፤ 620 ዕቃ ይላል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በቀን 200 ዕቃ መፈተሽ ይቻላል የሚል አነበቡ። 620ን ለ200 አካፈሉ። ሦስት ቀን መጣ። በዚያ ላይ ተመሥርተው የአንድ ዕቃ ዋጋ አወጡና መሪያቸው ፕሮፎርማውን ይዞልኝ መጣ።

«ጋሼ፣ ግዥ ክፍል ነገ ይፈልገዋል። አንዴ አይተው ይመልሱልኝ።»

«ግቢውን አይተኸዋል?»

«በበሩ በኩል አልፌያለሁ።»

«እንግዲያው ነገ አይገባም። ነገ ግቢውን እንዞራለን።»

በሬ የሚገዛ ሰው ገበያ ወርዶ ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል። የሺህ ዕቃ ሥራም ሳይታይ ዋጋ አይወጣለትም። 200 የሚለው ቁጥር ሐሰት ሆኖ አይደለም። ሰፊ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ በተርታ ተደርድሮ፣ ሶኬቱ እጅ የሚደርስበት ቦታ ሆኖ፣ ሠራተኛው ከወንበሩ ተነሥቶልህ ሲሆን ይሠራል። የኛ ግቢ እንደዚያ መሆኑን ማን አየ?

ዝርዝሩ ላይ የሌለው

መጀመሪያ የገባነው ኮምፒውተር ክፍል ነው። ዝርዝሩ 40 ኮምፒውተር ይላል፤ ስለዚህ ለልጆቹ 40 ዕቃ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን 40 ሲፒዩ አለ፣ 40 ሞኒተር አለ። እያንዳንዳቸው የሚነቀል የራሳቸው የመብራት ኬብል አላቸው፤ 80 ኬብል ማለት ነው። ጠረጴዛ ሥር 7 ዲቫይደር ተኝቷል። ድምሩ 167 ነው። በእንግሊዞቹ አሠራር የሚነቀል ኬብል ራሱን የቻለ ዕቃ ነው፤ ለብቻው ይፈተሻል፣ ለብቻው ይመዘገባል። ምክንያቱም ነገ ተነቅሎ ሌላ ዕቃ ላይ ይሰካል።

ለዋጋ ትልቁ ጣጣ እዚህ ነው። ፕሮፎርማህ «ለአንድ ዕቃ ይህን ያህል» ብሎ ዕቃ ምን እንደሆነ ካልጻፈ፣ አንተ 167 ብለህ ትጠይቃለህ፤ ፋይናንስ ደግሞ «ኬብሉ የኮምፒውተሩ አካል ነው» ብሎ ለ40 ይከፍልሃል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የሚጎዳው ግን ሥራውን የጨረሰው ነው።

ከዚያ ወደ ግምጃ ቤት ሄድን። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ረጅም ዘመን የሠሩ ሴት ናቸው። የልጆቹ መሪ ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ ዲቫይደሮቹ የት ተመዝግበው ይሆን?»

«ዲቫይደር አላቂ ዕቃ ነው ልጄ። ከወጣ በኋላ ማን ይከታተለዋል?»

ይህች መልስ ብዙ ነገር ገለጠች። የንብረት ዝርዝር የሚያዘው ለሒሳብ ነው። ውድ የሆነውን ይመዘግባል፤ ርካሹን እንደ ሳሙናና ወረቀት አላቂ ብሎ ያልፈዋል። ለእሳት አደጋ ግን ቅርብ የሆነው ርካሹ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የቀለጠውም ዕቃ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልነበረም። የንብረት ዝርዝር ይዞ ዋጋ ማውጣት፣ አደገኛውን ዕቃ ቀድሞ ከሥራው ማስወጣት ነው።

ሌላም ነበር። ሠራተኞች ከቤታቸው ያመጡት የውሃ ማፍያና የቡና ምድጃ በየቢሮው ጥግ አለ። የተቋሙ ንብረት ስላልሆነ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ የሚሰካው ግን በተቋሙ ሶኬት ነው። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ጋ ገብተን «ይፈተሽ ወይስ ይውጣ? እርስዎ ይወስኑ» አልናቸው። ይፈተሽ አሉ። በጽሑፍ እንዲሰጡን ጠየቅን፤ ሰጡን።

ቢሮዎችን፣ ላብራቶሪውን፣ ማደሪያውንና ወጥ ቤቱን ከዞርን በኋላ፣ የቅርንጫፎቹንም በስልክ አጣርተን፣ 620 የተባለው ወደ 1,300 ሄደ።

ዋጋው ከደቂቃ ነው የሚመጣው

የብር ቁጥር እዚህ አላሰፍርም። የዛሬው ዋጋ ለሚቀጥለው ዓመት አንባቢ አይጠቅምም፤ ደቂቃው ግን ይጠቅመዋል። ልጆቹ ከዞርናቸው ክፍሎች የተወሰኑትን ዕቃዎች በሰዓት እየያዙ ሞከሩ። መለኪያው ራሱ ሴኮንዶች ነው የሚወስደው። ጊዜውን የሚበላው ሌላው ነው። ኮምፒውተር ማጥፋት፣ ጠረጴዛ መሳብ፣ ኬብል ተከትሎ ሶኬቱን ማግኘት፣ ስቲከር መጻፍ፣ መልሶ መሰካት፣ መሥራቱን ማየት።

ሒሳቡ እንዲህ ወጣ። ኬብሎችና ዲቫይደሮች 560፣ በአንድ ደቂቃ ተኩል፤ 840 ደቂቃ። ሲፒዩና ሞኒተር 420፣ በሦስት ደቂቃ፤ 1,260። ፕሪንተር፣ ፎቶ ኮፒ፣ ማፍያና የመሳሰለው የቢሮ ዕቃ 190፣ በአራት ደቂቃ፤ 760። የወጥ ቤትና የማደሪያ ከባድ ዕቃ 60፣ በዐሥር ደቂቃ፤ 600። የላብራቶሪ ዕቃ 70፣ በዐሥራ ሁለት ደቂቃ፤ 840። ሲደመር 4,300 ደቂቃ ነው።

የስምንት ሰዓት ቀን 480 ደቂቃ አለው ብሎ ማካፈል ግን አይገባም። ቁልፍ ያዥ ይጠበቃል፣ ከሕንጻ ሕንጻ ይኬዳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስብሰባ ያለበት ክፍል ተትቶ ይመለሱበታል። 330 ደቂቃ ካገኘህ ጥሩ ቀን ነው። 4,300 ለ330 ሲካፈል 13 ቀን ይመጣል። ይህ የሁለት ሰው ቡድን ቀን ነው፤ አንዱ ይፈትሻል፣ አንዱ እየቀደመ ያጠፋል፣ ይነቅላል፣ ይለጥፋል። ለቅርንጫፎቹ ጉዞ አንድ ቀን፣ ለሪፖርት ሁለት ቀን ተጨመረ። 16 የቡድን ቀን። መጀመሪያ የታሰበው ሦስት ነበር።

ከዚያ በኋላ ብሩ ቀላል ነው። የአንድ ቡድን ቀን ምን ያስወጣል? የሁለት ሰው ደመወዝ፣ ከከተማ ውጭ ሲሆን አበልና ትራንስፖርት፣ ስቲከር፣ የመሣሪያው እርጅና፣ መሣሪያውን ወደ አዲስ አበባ ልኮ ካሊብሬት ማስደረግ (ልክነቱን ማስመርመር)፣ ትርፍ። በ16 ይባዛል። ደንበኛው የአንድ ዕቃ ዋጋ ማየት ከፈለገ ድምሩን ለ1,300 አካፍለህ ታሳየዋለህ። ከቀን ወደ ዕቃ ይወረዳል እንጂ ከዕቃ ወደ ቀን አይወጣም።

ኃላፊው ቁጥሩን ሲያዩ «ተወደደ» አሉ። ልጁ ቅናሽ ሊል ሲል ያዝኩት። ዋጋ እንዲቀንስ ሥራ ይቀነስ። ሕጉም ለዚህ ቦታ ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል እንጂ እያንዳንዱ ኬብል በሜገር (የሽቦ ሽፋን መለኪያ) ይለካ አይልም። በብሪታንያም ቢሆን እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሥራ ቦታ ኤሌክትሪክ ደንብ የሚያዘው ዕቃው በአግባቡ እንዲጠበቅ ነው፤ በየዓመቱ ይፈተሽ የሚል ቃል የለበትም። የምርመራው ጥልቀት የሚወሰነው በአደጋው መጠን ነው። ስለዚህ አዲስ ከተገዙት ዕቃዎች ውስጥ ድርብ ኢንሱሌሽን (መብራት እንዳያስተላልፍ የተደረበ ሁለት ሽፋን) ያላቸውን 140 ያህል ዕቃዎች በዓይን ብቻ ለማየት ሐሳብ ቀረበ። ሦስት ደቂቃው አንድ ሆነ፤ 280 ደቂቃ ዳነ። አንድ የቡድን ቀን ገደማ ነው። ረጂው ድርጅትም ተስማማ።

ምጣዱና ሶኬቱ

ወጥ ቤቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከእንግሊዞቹ መጽሐፍ የማይገኝ ነገር ያለው እዚያ ነው።

የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፒር ማለት ነው። የደህና ስፒና አቅም ዳር ላይ ደረሰ ማለት ነው። ያንን በዲቫይደር በኩል ብትሰካው ምን እንደሚሆን ወጥ ቤቱ ራሱ አሳይቷል። ሲቃጠል ደግሞ የሚተካው ገበያ ላይ በቅርብ በተገኘው ባለ ሁለት እግር ስፒና ነው። ባለ ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወስድ የመከላከያ መስመር ያለው) ወጥቶ ኧርዝ የሌለው ይገባል። ምጣዱ ይሠራል፣ እንጀራው ይወጣል፣ ጋጋሪዋ ግን መከላከያዋን አጥታለች። ስለዚህ በዋጋው ውስጥ የተወሰነ ቁጥር ያለው ስፒና እዚያው የመቀየር ሥራ ገባ። ከዚያ ቁጥር በላይ ከሆነ በተናጠል ይከፈላል ተባለ። ስፒና ላይ «ወደቀ» የሚል ስቲከር ለጥፎ መሄድ ማንንም አያድንም።

ሌላው እርጥበት ነው። የምጣዱ ሽቦ የሚተኛው ሸክላ ውስጥ ነው፤ ሸክላ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ሰንብቶ የቆየ ምጣድ በ500 ቮልት ኢንሱሌሽኑ ሲለካ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ለሆነ የማብሰያ ዕቃ የሚጠበቀው ቢያንስ 0.3 ሜጋ ኦም ነው፤ ከ3 ኪሎ ዋት በታች ላለው ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም። ምጣዱ ከተጋገረበት በኋላ፣ ደርቆ ሲቀዘቅዝ ሲለካ ንባቡ እውነተኛ ይሆናል። እናቶቹ የሚጋግሩት ጠዋት ስለሆነ የወጥ ቤቱ ፍተሻ ከሰዓት ላይ ተያዘ። እነሱንም ከሥራቸው አላስነሣም።

ሶኬቱ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ፓት የሚፈትሸው ዕቃውን ነው። ዕቃው ኧርዙ ፍጹም ሆኖ ሶኬቱ ኧርዝ ከሌለው ግን ያ ሁሉ ልኬት ከንቱ ነው። በአሮጌው ሕንጻ ውስጥ ሁለት ሽቦ ብቻ የደረሰባቸው ሶኬቶች እንዳሉ በዞርንበት ጊዜ አይተናል። ስለዚህ ዕቃ የተሰካበትን ሶኬት ማየት ራሱን የቻለ መስመርና ዋጋ ሆኖ ፕሮፎርማው ላይ ገባ። ጥገናው ግን የዚህ ውል አካል እንዳልሆነ ተጻፈ። ይህ መስመር በኔ ግምት ከሥራው ሁሉ ዋጋ ያለው ነው።

ሰዓቱና መብራቱ

ደንበኛው ሥራው በምዝገባ ሳምንት እንዲሠራ ፈልጎ ነበር። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሰው አለበት። ወደ ሴሚስተር ዕረፍት ተዛወረ፤ ኮምፒውተር ክፍሉ፣ ላብራቶሪውና ማደሪያው ባዶ የሚሆኑት ያኔ ነው። ወጥ ቤቱ ብቻ ተማሪዎች ከተመለሱ በኋላ እንዲሆን ተደረገ፤ ምጣዱ የሚነድደው ያኔ ነዋ።

መብራት እንደሚጠፋ የማያስብ ዕቅድ ጎጃም ላይ አይሠራም። የልጆቹ መሣሪያዎች በባትሪ ኧርዝና ኢንሱሌሽን ይለካሉ። ዕቃው እየሠራ የሚለካው የሊኬጅ (ከዕቃው ወደ መሬት የሚያፈስ መብራት) ፍተሻ ግን መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ተከፈለ፤ መብራት ሲኖር የሚሠራና ሲጠፋ የሚሠራ። ኬብል፣ ዲቫይደር፣ በዓይን ማየት፣ ቁጥር መስጠት ለጨለማው ቀን ተቀመጠ። ኃላፊው «ጄኔሬተር እናስነሣላችኋለን» ብለው ነበር። በጄኔሬተር የሚሠራ የሊኬጅ ልኬት ግን አደጋ አለው። የጄኔሬተሩ ኒውትራል (የመብራቱ መመለሻ መስመር) ከመሬት ካልተያያዘ ሊኬጁ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለው ንባቡ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የታመመ ዕቃ ጤነኛ ይመስላል። ያ ካልተረጋገጠ በጄኔሬተር እንደማይለካ ተስማሙ።

ለቅርንጫፎቹ መንገዱ አንድ ነው። ከደብረ ማርቆስ በሉማሜ ደጀን፣ ከደጀን ወደ ቢቸና። ሁለቱን በአንድ ጉዞ መጨረስ ይቻላል፤ መንገዱ ክፍት መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ የሚነሡ በመሆኑ ቀኑ ቁርጥ ሳይሆን ተለዋጭ ኖሮት ተያዘ።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ሰፈረ። አንደኛ፣ ዕቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፤ የሚነቀል ኬብል ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ ዋጋው ለ1,300 ዕቃ ነው፤ ከመቶ ዐሥር ቢበልጥም ቢያንስም አይለወጥም፤ ከዚያ ካለፈ በተጨማሪ ይታሰባል። ሦስተኛ፣ ቡድኑ በቀጠሮው ቀን ደርሶ ክፍሉ ቢዘጋበት የጠፋው ጊዜ ይከፈላል። 15 ከመቶ ቫት በዋጋው ውስጥ እንዳልተካተተም ተጻፈ። ቅድመ ክፍያውን ከወሰዱ በኋላ የቀረው ግቢ በግቢ ርክክብ እየተደረገ የሚከፈል ሆነ።

ሥራው እንዴት ሄደ

የተገኘው ዕቃ 1,412 ሆነ። ከ1,430 በታች ስለሆነ ዋጋው አልተነካም፤ ማንም ከማንም ጋር አልተጨቃጨቀም። ኮምፒውተር ክፍሉ ከተገመተው ፈጠነ። ላብራቶሪው ዘገየ፤ ከውጭ የመጡት አንዳንድ ዕቃዎች እግሮቹ ሦስት የሆኑና ቅርጻቸው አራት ማዕዘን የሆነ የእንግሊዝ ስፒና ይዘው ነው የመጡት፤ ለያንዳንዱ አስማሚ መፈለግ ነበረበት። መብራት ውሎ የጠፋበት ቀን ኬብሎቹ ላይ ተሠራ፤ ቡድኑ ቆሞ አልዋለም። ቢቸና ላይ የአንዱ ክፍል ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ለሥልጠና ሄዶ ስለነበር ግማሽ ቀን ጠፋ። ውሉ ስላለ ልጁ መለማመጥ አላስፈለገውም፤ ሰዓቱን ጽፎ አስፈረመ፣ ተከፈለው።

ከወደቁት ብዙዎቹ ዲቫይደሮች ናቸው። አብዛኛውን ጉድለት የገለጠው መሣሪያው ሳይሆን ዓይን ነው። የተላጠ ሽቦ፣ የጠቆረ ስፒና፣ በፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ። የብሪታንያ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም አብዛኛው ብልሽት በዓይን ብቻ ሊገኝ እንደሚችል ይመክራል። ለዚህ ነው በዓይን ለማየት የሚሰጠው ደቂቃ ከዋጋው መቆረጥ የሌለበት። ውድድር ሲበረታ በመጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ስቲከር ብቻ የሚለጥፍ ሰው በቀን ብዙ መቶ ዕቃ «ይፈትሻል»፣ ወጥ ቤቱም እንደገና ይቀልጣል።

በርክክቡ ላይ ኃላፊው ስቲከሩ ሁሉ ላይ «ለአንድ ዓመት» ይጻፍ አሉ። ልጁ መዝገቡን ከፍቶ አስረዳቸው። ቢሮ ውስጥ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ኮምፒውተር ከዓመት በላይ ቢቆይ ችግር የለውም። የወጥ ቤቱና የማደሪያው ከባድ ዕቃ እንዲሁም ዲቫይደሮቹ ግን በየስድስት ወሩ ይታዩ። ኃላፊው የስድስት ወሩን ዋጋ ወዲያው ጠየቁ። ዲቫይደሮቹ 90 ናቸው፣ በአንድ ደቂቃ ተኩል 135 ደቂቃ። ከባዱ ዕቃ 60 ነው፣ በዐሥር ደቂቃ 600። በድምሩ 735 ደቂቃ፣ ከሁለት የቡድን ቀን ትንሽ ይበልጣል። ቅርንጫፎቹ ካሉበት የጉዞው ቀን ይጨመራል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ደመረና በሁለት ቀን ተኩል ከነጉዞው በሦስት ቀን ተኩል የተሠራ ፕሮፎርማ በማግሥቱ አስገባ።